የጀርመኑ «ክፍል 80»፦ ስለ ትንሿ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ ባቡር ወዳጆች ሲገናኙ ወሬው ብዙ ጊዜ ስለ ፈጣኖቹ ነው። ረጃጅሞቹ፣ ከከተማ ከተማ የሚከንፉት፣ ፎቶ የሚያምርባቸው። ዕድሜዋን ሙሉ ከጣቢያ ግቢ ሳትርቅ የሠራችውን ግን ብዙም የሚያነሳት የለም። ይህ ገጽ ስለ እሷ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክፍል 80 የምትባለው የትኛዋ ናት?

ከ1927 እስከ 1929 ድረስ በጀርመን የተሠራች፣ ሦስት አክስል (የግራና የቀኝ መንኮራኩር የሚገጠምበት ዘንግ) ያላት አጭር የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ናት። «ክፍል» ማለት የሎኮሞቲቭ ዓይነት ነው። ያሠራት የያኔው የጀርመን ብሔራዊ ባቡር ድርጅት፣ ራይሽስባን ነው። በጠቅላላው የተሠሩት 39 ብቻ ናቸው። ሥራቸው ባቡር እየጎተቱ አገር ማቋረጥ አልነበረም። በትልልቅ ጣቢያዎች ውስጥ የመንገደኛ ፉርጎዎችን ማቀያየር፣ መደርደር፣ ማምጣትና መውሰድ ነበር።

ፉርጎ ማቀያየር የራሱ ሎኮሞቲቭ የሚያስፈልገው ሥራ ነው እንዴ?

ነው እንጂ! የላይፕዚግን ዋና ጣቢያ እንውሰድ። ግንባታው በ1915 ተጠናቀቀ፤ ከአውሮፓ ትልልቅ ጣቢያዎችም አንዱ ነው። ሲሠራ 26 የመንገደኛ መስመሮች ነበሩት። መስመሮቹ ግን ጣቢያውን አቋርጠው አያልፉም። ሕንፃው ጋ ሲደርሱ ያልቃሉ።

አሁን አንድ ባቡር ከበርሊን መጣ እንበል። ፊቱን ወደ ሕንፃው አድርጎ ይገባል፣ ከመጨረሻው መከታ ፊት ይቆማል፣ መንገደኛው ይወርዳል። የጎተተው ሎኮሞቲቭ ግን መውጫ የለውም። ከፊቱ መከታ፣ ከኋላው ራሱ የጎተታቸው ፉርጎዎች ናቸው። አንድ ሌላ ሎኮሞቲቭ ከወዲያኛው ጫፍ መጥቶ ፉርጎዎቹን ካልሳበለት እዚያው ተገትሮ ይቀራል።

ፉርጎዎቹ ከወጡ በኋላም ሥራው አላለቀም። ወደ ማጽጃው ግቢ ይሄዳሉ። የተበላሸው ይነጠላል። የምግብ ቤቱ ፉርጎ ከመሃል ይገባል፣ የፖስታው ከጫፍ ይቀጠላል። ከዚያ ማታ ለሚወጣው ባቡር ተሰልፈው ወደ መሳፈሪያው ይመለሳሉ። ይህ ሁሉ ቀንና ሌሊት፣ በብዙ መስመር ላይ በአንድ ጊዜ ይካሄዳል። የታክሲ ተራ አስከባሪን አስቡ፤ እሱ ራሱ የትም አይሄድም፣ እሱ ከሌለ ግን ማንም በወጉ አይወጣም።

ታዲያ ባቡሩን ያመጣው ሎኮሞቲቭ ራሱ ለምን አይሠራውም?

የፈጣን ባቡር ሎኮሞቲቭ ለዚህ ሥራ አይመችም። በዚያው ዘመን የተሠራው ክፍል 01 ወደ 24 ሜትር ይረዝማል፤ የሚነዱት መንኮራኩሮቹ የ2 ሜትር ስፋት (ዲያሜትር) አላቸው። በረጅም ቀጥ ያለ ሐዲድ ላይ ንጉሥ ነው። ሃምሳ ሜትር ሄዶ መቆም፣ ተመልሶ መምጣት፣ እንደገና መሄድ ግን ያቃጥለዋል። ደግሞም ጉዞውን ሲጨርስ ከሰልና ውሃ መሙላት፣ አመዱን ማስወጣት፣ በማዞሪያው ላይ ፊቱን ማዞር አለበት። ለሌላ ሥራ ጊዜ የለውም።

እሷ ከመምጣቷ በፊት ሥራውን ማን ይሠራው ነበር?

ያረጁ ሎኮሞቲቮች። ይህ የጀርመን ብቻ ልማድ አልነበረም፤ በብዙ አገር እንዲሁ ነበር። ለዋናው መስመር የደከመው ወደ ጣቢያ ግቢ ይወርዳል፣ እዚያ ሆኖ እስኪሞት ፉርጎ ይገፋል። ከእነሱ ጎን ለዚሁ የተሠሩ ትንንሾችም ነበሩ። ዋነኛዋ ከጀርመን ግዛቶች አንዷ የነበረችው የፕሩሲያ «ቴ 3» ነች። ከ1882 ጀምሮ ለፕሩሲያ መንግሥት ባቡር ብቻ ከ1,300 በላይ ተሠርተዋል። ግን በ1920ዎቹ አጋማሽ ቴ 3 የአርባ ዓመት ንድፍ ሆና ነበር። የጣቢያዎቹ ፉርጎዎች ደግሞ በዚህ ጊዜ ከእንጨት ወደ ብረት እየተቀየሩ፣ እየረዘሙና እየከበዱ ነበር።

ራይሽስባን በዚያ የችግር ጊዜ አዲስ ሎኮሞቲቭ ለምን አስፈለገው?

ይህ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ የክፍል 80 ታሪክ ዋናው ነገርም እዚህ ላይ ነው።

በኅዳር 1918 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲቆም፣ በተኩስ አቁሙ ስምምነት ጀርመን 5,000 ሎኮሞቲቮችና 150,000 ፉርጎዎች እንድታስረክብ ተገደደች። ተረካቢዎቹ ደካማውን አልወሰዱም፤ ጥሩ ጥሩውን መረጡ። የቀረው በጦርነቱ ዓመታት ያለ በቂ ጥገና ሲነዳ የከረመው ነው።

እስከዚያ ድረስ ጀርመን አንድ ባቡር ድርጅት አልነበራትም። ፕሩሲያ የራሷ፣ ባቫሪያ የራሷ፣ ሳክሶኒ የራሷ፣ ቩርተምበርግና ባደንም የየራሳቸው የመንግሥት ባቡር ነበራቸው። ሚያዝያ 1 ቀን 1920 እነዚህ ሁሉ በአንድ ጥላ ሥር ገቡ። አዲሱ ድርጅት ቆጠራ ሲጀምር ራሱን ያዘ። የወረሳቸው የሎኮሞቲቭ ዓይነቶች ከ200 በላይ ነበሩ። የባቫሪያው መለዋወጫ ለፕሩሲያው አይሆንም። በአንድ ወርክሾፕ የሠለጠነ መካኒክ ሌላው ጋ ሲሄድ ግራ ይገባዋል። መጋዘኖቹ አንዴ ብቻ በሚፈለጉ ዕቃዎች ተጨናንቀዋል።

በላዩ ላይ የ1923ቱ የዋጋ ግሽበት መጣ፤ ገንዘቡ ወረቀት ሆነ። በ1924 ድርጅቱ የጦርነት ካሳ ከገቢው እንዲከፍል ተደርጎ እንደ ኩባንያ ተዋቀረ። ስለዚህ እያንዳንዱ ማርክ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር። መልሱ አንድ ሆኖ ታያቸው፦ ዓይነቱን መቀነስ። ለየሥራው አንድ አንድ ሎኮሞቲቭ መንደፍ፣ ዕቃዎቻቸውንም በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት ማድረግ። የንድፉን ሥራ የመሩት የራይሽስባን መሐንዲስ ሪቻርድ ፓውል ቫግነር ነበሩ። ፋብሪካዎቹም በርሊን ቴግል በሚገኘው የቦርሲግ ፋብሪካ ውስጥ የጋራ የንድፍ ቢሮ ነበራቸው።

መጀመሪያ የወጡት ትልልቆቹ ናቸው። ክፍል 01 እና 02 በ1925 እና በ1926 ሐዲድ ላይ ወጡ። ከዚያ ወደ ትንንሾቹ ወረዱ፤ ከእነሱም አንዷ ክፍል 80 ሆነች።

«አንድ ዓይነት ማድረግ» በተግባር ምን ማለት ነበር?

ቧንቧው፣ ቫልቩ፣ መብራቱ፣ የፍሬን ዕቃው፣ ብሎኑ፣ የበር እጀታው ሳይቀር ከሌላው አዲስ ሎኮሞቲቭ ጋር ይመሳሰላል ማለት ነው። መለኪያዎቹና ልዩነት የሚፈቀድባቸው ወሰኖችም አንድ ሆኑ። ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ዕቃ ሌላ ፋብሪካ በሠራው ላይ ያለ ሞረድ እንዲገጥም ተፈለገ። ዛሬ ይህ ተራ ነገር ይመስላል። ያኔ ግን ልምድ ያለው ሠራተኛ ዕቃውን በእጁ እያስተካከለ መግጠም የተለመደ ነበር።

በእኔ አስተያየት የቫግነርን ሐሳብ ለመረዳት ከግዙፉ 01 ይልቅ ትንሿ 80 ትሻላለች። በትልቁ ላይ ዓይን የሚይዘው ግዝፈቱ ነው። በትንሿ ላይ ግን ለአንድ ተራ ሥራ ሲሉ ምን ያህል እንደተጨነቁ ይታያል።

የት ተሠራች?

ሥራው ለአንድ ፋብሪካ አልተሰጠም፤ ለአራት ተከፋፈለ። ዩንግ በዩንገንታል፣ ቮልፍ በማግደቡርግ፣ ሆሄንዞለርን በዱሰልዶርፍ፣ ዩኒየን ደግሞ በኮኒግስበርግ። ኮኒግስበርግ የዛሬዋ የሩሲያ ካሊኒንግራድ ነች። ቀደም ብለን ያነሳነው የመመሳሰል ነገር እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። በመቶዎች ኪሎ ሜትር የተራራቁ ፋብሪካዎች አንድ ወረቀት ይዘው አንድ ዓይነት ማሽን አወጡ። ሆሄንዞለርን ራሱ በ1929 ተዘጋ፤ የመጨረሻ ሥራዎቹ ውስጥ እነዚህ ትንንሽ ሎኮሞቲቮች አሉበት።

ቁጥሯ ምን ይናገራል?

80 030 ብንል፣ 80 ክፍሏ ነው፤ 030 ደግሞ ከክፍሉ ውስጥ ሠላሳኛዋ ማለት ነው። ከዚህ ሌላ «ጌቴ 33.17» የሚል የዓይነት መለያ አላት። «ጌ» የጭነት ሎኮሞቲቭ መሆኗን፣ «ቴ» ውሃና ከሰሏን ራሷ ላይ መሸከሟን ያሳያል። የመጀመሪያው 3 የሚነዱት አክስሎች ስንት እንደሆኑ፣ ሁለተኛው 3 አክስሎቿ በጠቅላላው ስንት እንደሆኑ ይናገራል። ሦስቱም ይነዳሉ። 17 በእያንዳንዱ አክስል ላይ በአማካይ የሚያርፈው ክብደት ነው፣ በቶን። ታንከሯና የከሰል ሳጥኗ ሲሞላ ከዚያም ትንሽ ከፍ ይላል።

የመንገደኛ ፉርጎ የምትገፋዋን «የጭነት» ማለታቸው እንግዳ ይመስል ይሆናል። የፊደሉ ምድብ የሚከተለው የፍጥነቷን ልክ ነው፤ ከኋላዋ ማን እንደተቀመጠ አይጠይቅም።

መጠኗና ጉልበቷስ?

ከመከላከያ እስከ መከላከያ 9.67 ሜትር። ለሥራ ዝግጁ ሆና 54 ቶን ገደማ ትመዝናለች። የቦይለሯ (የውሃ ማፍያዋ) ግፊት 14 ባር፣ ጉልበቷ 575 የፈረስ ጉልበት ነው። ሁለት ሲሊንደሮች አሏት፤ የእያንዳንዱ ስፋት 450 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት ርዝመት 550። 5 ሜትር ኩብ ውሃና 2 ቶን ከሰል ትይዛለች። ከፍተኛ ፍጥነቷ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወደፊትም ወደኋላም እኩል።

45 ብቻ? ምነው አነሰ?

አላነሰም። በጣቢያ ግቢ ውስጥ ማንም በ45 አይበርም። የፍጥነቷን ጉዳይ የወሰነው የመንኮራኩሯ ስፋት ነው፤ 1,100 ሚሊ ሜትር። መንኮራኩር ሲያንስ ፒስተኑ አንድ ጊዜ ሲመላለስ ሎኮሞቲቩ የሚሄደው ርቀት ያጥራል፤ በምትኩ የመሳብ ኃይሉ ይጨምራል። ልክ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ይህ ነው። ከቆመበት ተነስቶ ብዙ ፉርጎ ማንቀሳቀስ፣ ወዲያው መቆም።

ሌላም ነገር አለ። በዋናው መስመር ሎኮሞቲቮች ላይ ከፊትና ከኋላ መንገድ የሚያሲዙ፣ የማይነዱ ትንንሽ መንኮራኩሮች ይደረጋሉ። በፍጥነት ጊዜ ሐዲዱን ተረጋግቶ ለመያዝ ይጠቅማሉ፤ ግን ክብደቱን ይሻማሉ። ክፍል 80 እነዚህ የሏትም። 54 ቶኑ በሙሉ በሚነዱት ስድስት መንኮራኩሮች ላይ ያርፋል። እርጥብ ሐዲድ ላይ የሚንሸራተተውና የማይንሸራተተው የሚለየው በዚህ ነው።

ውሃና ከሰሉ የት ይቀመጣል?

ውሃው በቦይለሩ ግራና ቀኝ በተቀመጡ ታንከሮች ውስጥ፣ ከሰሉ ከነጂው ክፍል በስተኋላ። ከኋላ የሚጎተት የከሰል ጋሪ የላትም። ስለዚህ ትንሽ ነው የምትሸከመው፤ ግን የውሃ ቧንቧውም ሆነ የከሰል መጫኛው ከሥራ ቦታዋ ሩቅ አይደለም። ከምንም በላይ ደግሞ ነጂው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ማየት ይችላል። ቀኑን ሙሉ ፊትና ኋላ ለሚል ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም፤ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

«የጋለ እንፋሎት» ትጠቀማለች ይባላል። ለአጭር ሥራ ይጠቅማል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ያኔም መሐንዲሶቹን አከራክሯል።

ተራ እንፋሎት ከውሃው በቀጥታ ይወጣል። እርጥበት አለው፤ ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ ግድግዳው ቀዝቀዝ ካለ የተወሰነው ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ያ ማለት ከሰሉ ባከነ ማለት ነው። የካሰል ከተማው መሐንዲስ ቪልሄልም ሽሚት እንፋሎቱን ከቦይለሩ ከወጣ በኋላ እንደገና በእሳቱ ጭስ መሃል በቀጭን ቧንቧ እያሳለፉ ማጋልን ለሎኮሞቲቭ የሚሆን አደረጉት። በ1898 የፕሩሲያ ባቡር የመጀመሪያዎቹን ሞከረ። ውጤቱ በጣም ጥሩ ነበር፤ ከሰልም ውሃም ተቆጠበ።

ነገር ግን ጥቅሙ የሚታየው ሎኮሞቲቩ ሳይቋረጥ ሲሠራ ነው። የማጋያው ቧንቧ ራሱ መጀመሪያ መጋል አለበት። ሃምሳ ሜትር ሄዳ አሥር ደቂቃ ለምትቆም ሎኮሞቲቭ ቧንቧው በወጉ ሳይግል ሥራው ያልቃል። ተጨማሪው ቧንቧ ደግሞ ወጪ አለው፣ ጥገና አለው። ክፍል 80 ማጋያ ተገጠመላት። ጥያቄው ግን እንዳልተዘጋ የምናውቀው ከእሷ በኋላ የመጣችው ታናሿ ክፍል 89፣ ለማነጻጸር ሲባል በሁለቱም መንገድ ስለተሠራች ነው። አንዳንዶቹ ማጋያ ያላቸው፣ ሌሎቹ የሌላቸው። እርግጠኛ ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱን ባልሠሩ ነበር።

እህቶቿ እነማን ናቸው?

ክፍል 81 አራት አክስል ያላት ታላቋ ናት። በ1928 ሃኖማግ ሠራት፤ 10 ብቻ። ለከበደ ፉርጎ ታስባ ነው።

ክፍል 87 ለየት ትላለች። ለሐምቡርግ ወደብ ነው የተሠራችው፤ 16 ነበሩ፣ ሠሪው ኦረንስታይን እና ኮፐል። ወደቡ ውስጥ ሐዲዱ በመጋዘኖቹ መሃል ሹል ኩርባ ይዞ ይጠማዘዛል። አምስት አክስል ያላት ሎኮሞቲቭ ያንን ኩርባ መዞር ነበረባት። ስለዚህ የፊቱንና የኋላውን አክስል በዘንግ ማያያዙን ትተው በማርሽ ጥርስ ነዱት፣ ወደ ጎን እንዲንቀሳቀሱ። ብልሃቱ ያስደንቃል። ጥርሶቹ ግን ያልቁ ነበር፣ ጥገናቸውም ውድ ሆነ። የብልህ ንድፍ ዕዳ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ወርክሾፕ ውስጥ ነው።

ክፍል 89 ደግሞ ከ1934 እስከ 1938 የተሠራች፣ ከ80 የቀለለች ባለ ሦስት አክስል ናት። በአክስል 15 ቶን። ከባድ ሎኮሞቲቭ በማይችል ሐዲድ ላይ እንደ ቴ 3 ያሉትን አሮጌዎች እንድትተካ ነበር የታሰበው። እሷም 10 ብቻ።

ይህን ያህል ከተለፋባት ለምን 39 ብቻ ተሠሩ?

ማሽኗ ስላልረባች አይደለም። ሦስት ነገር ተደራረበባት።

አንደኛው፣ ከድሮዎቹ ክልሎች የተወረሱት ሎኮሞቲቮች አላለቁም። አዳዲስ ትልልቆች በገቡ ቁጥር ከዋናው መስመር የተባረሩት ወደ ጣቢያ ግቢ ይወርዳሉ። በእጅ ያለ፣ ዋጋው የተከፈለ ሎኮሞቲቭ እያለ አዲስ መግዛት የሒሳብ ሰው አያስደስትም። የጉድ ነገር፣ አዲሶቹ ትልልቅ ሎኮሞቲቮች በተዘዋዋሪ የትንሿን እህታቸውን ገበያ ዘጉባት።

ሁለተኛው፣ በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ወደቀ። ጭነትም መንገደኛም ቀነሰ፣ ትእዛዝ ተሰረዘ።

ሦስተኛው የወደፊቱ ምልክት ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ራይሽስባን በሞተር የሚሠሩ በጣም ትንንሽ ሎኮሞቲቮችን ወደ ጣቢያዎች ማስገባት ጀመረ። ጉልበታቸው ከክፍል 80 ጋር አይወዳደርም። ግን አንድ ሰው ይበቃቸዋል፤ ያ ሰውም ረጅም ሥልጠና ያለው የሎኮሞቲቭ ነጂ መሆን የለበትም። ቁልፉን ታጠፋዋለህ፣ ወደ ሌላ ሥራህ ትሄዳለህ። በመለስተኛ ጣቢያ ሁለትና ሦስት ፉርጎ ለማንቀሳቀስ ከዚያ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ስለዚህ ለመላው አገር መለኪያ እንድትሆን የተነደፈችው ሎኮሞቲቭ በዋናነት የሁለት ከተሞች አካባቢ ሎኮሞቲቭ ሆና ቀረች፦ የላይፕዚግና የኮሎኝ።

ከአሮጌዋ ቴ 3 በዓይን እንዴት ትለያለች?

ቴ 3 ላይ በቦይለሩ ጎን ትልልቅ የውሃ ታንከር አይታይም፤ ውሃዋ የሚቀመጠው ከታች፣ በብረት አካሏ መሃል ነው። ክፍል 80 ጎኖቿ የደነደኑ ናቸው፣ ቦይለሯም ወፈር ያለ። እንፋሎቱን የሚያከፋፍለው የውጪ ዘንግም ይለያል። ክፍል 80 በጀርመናዊው መሐንዲስ በኤድሙንድ ሆይዚንገር ስም የሚጠራውን ትጠቀማለች፤ ቴ 3 ቀደም ያለውን የአላን ሥርዓት። ፎቶ ላይ ግራ ከገባችሁ መጀመሪያ ጎኗን ተመልከቱ።

ሠራተኞቿ ስንት ነበሩ? ሥራውስ ይከብድ ነበር?

በላይዋ ሁለት ሰው አለ፤ ነጂውና ከሰል አጉራሹ። ከታች ደግሞ ፉርጎ የሚያያይዙና የሚፈቱ ሰዎች አሉ። የሁሉንም ሥራ ባውቅም፣ እኔ የማዝነው ለእነዚህ ለኋለኞቹ ነው። በአውሮፓ ፉርጎ የሚያያዘው በሁለቱ ጎን ባሉ መከላከያዎች መሃል በተንጠለጠለ መንጠቆና ብሎን ነው። ሰውየው አጎንብሶ በሁለት ፉርጎዎች መሃል ይገባል፣ ከባዱን ማያያዣ ያነሳል፣ መንጠቆው ላይ ይጥላል፣ ያጠብቃል። በረዶ ሲጥል ብረቱ እጅ ላይ ይጣበቃል። ሌሊት ጭሱና እንፋሎቱ ዓይን ይጋርዳል። ምልክቱ በእጅ፣ በመብራት፣ በጥሩምባ ነው። ነጂው አንዷን ምልክት ካሳታት የሚቀጣው ራሱ አይደለም፤ ከመሃል የገባው ሰው ነው።

ላይ ላሉትም ቢሆን እረፍት የለም። ነጂው ያለማቋረጥ ይነሳል፣ ይቆማል፣ አቅጣጫ ይለውጣል። ከሰል አጉራሹ እሳቱን በልኩ መያዝ አለበት። ብዙ ካጎረሰ ሎኮሞቲቯ በቆመችበት እንፋሎቱ በቫልቭ ይተፋል፤ ካሳነሰ ድንገት ከባድ ሥራ ሲመጣ ግፊቱ ይወርዳል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምን ደረሰባት?

ጀርመን ለሁለት ስትከፈል ሎኮሞቲቮቹም ተከፈሉ። 17ቱ በምዕራብ ቀሩ፣ 22ቱ በምሥራቅ። ደምሩት፤ 39 ይመጣል፤ ጦርነቱ አንዷንም አላጠፋም ማለት ነው። ላይፕዚግም ኮሎኝም በቦምብ የተደበደቡ ከተሞች መሆናቸውን ስታስቡ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክፍፍሉም ከሥራ ቦታቸው ጋር ይሄዳል፤ ኮሎኝ ምዕራብ ነች፣ ላይፕዚግ ምሥራቅ።

ምዕራቡ በ1949 ድርጅቱን ዶይቸ ቡንደስባን አለው። ምሥራቁ የድሮውን ስም፣ ዶይቸ ራይሽስባን፣ ይዞ ቀጠለ። ሁለቱም ትንሿን ሎኮሞቲቭ በዚያው በለመደችው ሥራ አቆዩአት።

ማን ተካት?

በምዕራብ ጀርመን «ፋው 60» የተባለው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ። የሙከራዎቹ በ1955 ወጡ፣ ከዚያ በብዛት ተሠራ፤ እስከ 1964 ድረስ ከ900 በላይ። ልብ በሉ፦ እሱም ሦስት አክስል አለው፣ እሱም መንኮራኩሮቹን በውጪ ዘንግ ያያይዛል፣ ጉልበቱ 650 የፈረስ ጉልበት ነው። አካሉን ስታዩት የክፍል 80 ሐሳብ በናፍጣ ተተርጉሞ የመጣ ነው። ምሥራቁም በዚሁ ስም የራሱን የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሠራ።

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከቀዝቃዛ ተነስቶ ለሥራ እስኪደርስ ሰዓታት ይፈጃል። ሥራ በሌለበት ሰዓትም እሳቱ እንዳይጠፋ ከሰል ይበላል። አቀያያሪ ሎኮሞቲቭ ደግሞ ከሥራው ጊዜ ሰፊውን ቆሞ የሚጠብቅ ነው። ናፍጣው ትልቁን ትርፍ ያመጣው እዚህ ነበር፤ ስለዚህ እንፋሎት ከጣቢያ ግቢ ቀድሞ መውጣቱ አይደንቅም። ቡንደስባን የመጨረሻዋን ክፍል 80 በ1965 ከሥራ አወጣ፣ የምሥራቁ ራይሽስባን በ1968።

እና ሁሉም ተሰባብረው ብረት ሆኑ?

አይደለም። አንዳንዶቹ ሁለተኛ ሕይወት አገኙ። በምዕራብ ጀርመን በሩር አካባቢ የነበሩ የድንጋይ ከሰል ማዕድኖች የራሳቸው የባቡር መስመር ነበራቸው። ከሰሉ ከጉድጓድ እስከ ማጠቢያው፣ ከዚያ እስከ ዋናው መስመር በራሳቸው ሎኮሞቲቭ ይጓጓዝ ነበር። ከሰል የሚያወጣ ድርጅት ደግሞ ከሰል የሚበላ ሎኮሞቲቭ አያስፈራውም። ስለዚህ ክፍል 80ዎቹን በርካሽ ገዝተው አሠሯቸው። በ1968 ብዙዎቹ ማዕድኖች በሩርኮለ ኩባንያ ሥር ሲጠቃለሉ ሎኮሞቲቮቹም አብረው ተላለፉ፤ እስከ 1977 ድረስም ሠሩ።

በዚያው ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ ቡንደስባን ራሱ እንፋሎትን ጨርሶ አቆመ። ማለትም ድርጅቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ «አርጅታለች» ብሎ ያሰናበታት ትንሽ ሎኮሞቲቭ፣ እነዚያ ግዙፎቹ እስኪያልቁ ድረስ ከሰል ስትገፋ ኖራለች።

39 ብቻ ከሆኑ መጫወቻ ሱቅ ሁሉ ውስጥ ምን ታደርጋለች?

ማጠሯ ነው የጠቀማት። የቤት ውስጥ መጫወቻ ሐዲድ ኩርባው ሹል ነው፤ ረጅም ሎኮሞቲቭ እዚያ ላይ አያምርም፣ አጭሯ ግን ታምራለች። ሦስት አክስል ለመሥራትም ይቀላል፣ ዋጋውም ለጀማሪ ይስማማል። ታዋቂው የመጫወቻ ባቡር ሠሪ ሜርክሊን በ1969 ትልቁን፣ በ1 ለ32 የሚለካውን ባቡሩን እንደገና ገበያ ላይ ሲያወጣ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ያደረጋት ክፍል 80ን ነው። በዚያ ልክ ርዝመቷ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። እውነተኛዎቹን አይተው ከማያውቁት ውስጥ ብዙ ጀርመኖች የሚያውቋት ከልጅነታቸው ምንጣፍ ላይ ነው።

ዛሬ የት ማየት ይቻላል?

ሰባት ተርፈዋል። ከ39 ሰባት መትረፉ ጥሩ ድርሻ ነው፤ ለዚህም ማዕድኖቹን ማመስገን ያስፈልጋል።

ስድስቱን እንጥቀስ። 80 030 በቦኹም ዳልሃውዘን የባቡር ሙዚየም ነች። 80 013 በባቫሪያ፣ ኖይንማርክት ባለው የጀርመን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሙዚየም። 80 014 በሃይልብሮን። 80 023 የድሬስደን ትራንስፖርት ሙዚየም ንብረት ናት። 80 036 ድንበር ተሻግራ ኔዘርላንድስ ውስጥ በፌሉወ የእንፋሎት ባቡር ማኅበር እጅ ገብታለች። 80 039 ደግሞ በሃም ከተማ የባቡር ወዳጆች ጋ።

አውሮፓ የምትኖሩ ከሆነ ለቀን ጉዞ ኖይንማርክትና ቦኹም ይሻላሉ፤ ሁለቱም ብዙ ሎኮሞቲቭ በአንድ ቦታ አላቸው። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ እንፋሎት የሚነሳበትን ቀን መርጣችሁ ሂዱ፤ እሳት በሌለበት ቀን ሁሉም ቆሞ ነው የሚታየው። ሙዚየሞቹ ሎኮሞቲቭ ይዋዋሳሉ፣ ለጥገናም ይልካሉ። ስለዚህ አንድ የተወሰነ ቁጥር ለማየት ከሆነ የምትሄዱት አስቀድማችሁ ደውሉ።